ዕንባቆም (የደብረ ሊባኖስ እጨጌ)

አባ ዕንባቆም (1470 ገደማ – 1560ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ.) በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዘመን የኖረ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መነኩሴ፣ ደራሲና ተርጓሚ እንዲሁም የደብረ ሊባኖስ ገዳም 11ኛው አበምኔት (እጨጌ) ነበር። ስሙ «እንባቆም» ተብሎም ይጻፋል። የተወለደው የመን ውስጥ ሲሆን ያደገውም በእስልምና ሃይማኖት ነው። ወደ ኢትዮጵያ ከመጣ በኋላ ክርስትና ተነሥቶ መነኰሰ። በሀገሪቱ ታሪክ ከደብረ ሊባኖስ እጨጌነት ማዕረግ የደረሰ የውጭ ሀገር ተወላጅ መሆኑ ብቻ ስሙን ለየት ያደርገዋል።

ዕንባቆም በይበልጥ የሚታወቀው በሁለት ሥራዎች ነው። የመጀመሪያው በኢማም አሕመድ ጦርነት ጊዜ የጻፈው «አንቀጸ አሚን» ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሳቸው መጻሕፍት ናቸው። ከእነዚህም መካከል የዘመን አቆጣጠርና የሥነ ፈለክ ሒሳብ መጽሐፍ የሆነው «አቡሻክር» (አቡሻኽር) ይገኝበታል። በኢትዮጵያ የአብነት ትምህርት ቤቶች ከባሕረ ሐሳብ ጋር የሚሰጠው የዘመን ቀመር ትምህርት ከዚህ መጽሐፍ ብዙ ወርሷል።

በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» የሚል ካልተጨመረበት በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስምና ትውልድ

ስለ ዕንባቆም ሕይወት የሚታወቀው በአብዛኛው በግእዝ ከተጻፈው ገድሉ፣ ከደብረ ሊባኖስ አበው ታሪክና ራሱ በጽሑፎቹ ከተወው ቃል ነው። ገድሉን ጣሊያናዊው ሊቅ ላንፍራንኮ ሪቺ በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አሳትሞታል።

የልደት ስሙ አቡል ፈትሕ ነበር። ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በዐፄ እስክንድር ዘመነ መንግሥት (1478–1494) እንደሆነ ይነገራል። በትውፊቱ መሠረት በእስላሞች ቤተ መንግሥት በምርኮ ቆይቶ ወደ ሀገሩ ይመለስ የነበረ ኢትዮጵያዊ አብሮት ተጓዘ። በዚያ ዘመን የየመንና የኢትዮጵያ ግንኙነት ቅርብ ነበር። ነጋዴዎች፣ መልእክተኞችና ምርኮኞች ቀይ ባሕርን እየተሻገሩ በዘይላና በምጽዋ በኩል ይመላለሱ ነበር። የግብፅ ጳጳሳትም በዐረብኛ የሚጽፉና የሚናገሩ ስለነበሩ ዐረብኛ የሚያውቅ የተማረ ሰው በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ በቤተ መንግሥት ይፈለግ ነበር።

ክርስትናና ምንኩስና

አቡል ፈትሕ ኢትዮጵያ እንደገባ ወዲያውኑ ሃይማኖቱን አልቀየረም። ለዓመታት ሲያነብ፣ ሲጠይቅና ሲያመዛዝን ቆየ። በመጨረሻ የደብረ ሊባኖስ አበምኔት በነበረው በአባ ጴጥሮስ ትምህርት ተስቦ ተጠመቀ፤ በነቢዩ ስምም ዕንባቆም ተባለ። ከዚያም በዚያው ገዳም መነኰሰ።

ደብረ ሊባኖስ በዛሬው ሰሜን ሸዋ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኝ ገዳም ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ሲመሠረት ደብረ አስቦ ይባል ነበር፤ ደብረ ሊባኖስ የሚለውን ስም ያገኘው በ1445 በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ነው። አበምኔቱ እጨጌ ተብሎ የሚጠራ ሲሆን ከግብፅ ከሚመጣው ጳጳስ ቀጥሎ በቤተ ክርስቲያኒቱ ትልቁን ሥልጣን ይይዝ ነበር። ጳጳሱ ለሀገሩ ባዳ፣ ለቋንቋውም እንግዳ ስለነበረ የመነኮሳቱና የሊቃውንቱ ጉዳይ በተግባር የሚያበቃው ብዙ ጊዜ እጨጌው ዘንድ ነበር።

ዕንባቆም ግእዝን የተማረው ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ነው። ቢሆንም ከዐረብኛ የሚተረጉምበትና ራሱ የሚደርስበት ቋንቋ ለመሆን በቅቶለታል። ገድሉ ከዐረብኛና ከግእዝ ሌላ በርካታ ቋንቋዎችን ያውቅ እንደነበር ይናገራል።

እጨጌነትና ግዞት

አባ ጴጥሮስ በ1520ዎቹ መጀመሪያ ሲያርፍ ዕንባቆም በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን (1508–1540) በቦታው ተሾመ። በዚያ ጊዜ በኢትዮጵያ የነበረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ (በሀገሪቱ የቆየው ከ1520 እስከ 1526 ነው) አዲሱ እጨጌ ቀድሞ ሙስሊም እንደነበረ ጽፏል። ይህ ምስክርነት ከገድሉ ውጭ በሌላ ሀገር ሰው የተጻፈ በመሆኑ ለታሪኩ ክብደት ይሰጠዋል።

ሹመቱ ግን አልጸናም። ዕንባቆም ለንጉሡ ታማኝ አይደለም ተብሎ ተከሰሰና ሞት ተፈረደበት። ፍርዱ ወደ ግዞት ተለወጠ፤ ከአንድ ዓመት በኋላም ምሕረት ተደርጎለት ተፈታ። ሆኖም ወደ አበምኔትነቱ አልተመለሰም። በዚህም ምክንያት ቀጥሎ በመጣው ጦርነት ጊዜ ሥልጣን የሌለው መነኩሴ ነበር።

የጦርነቱ ዘመን

የአዳሉ መሪ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም (በኢትዮጵያ ታሪክ «ግራኝ» የሚባለው) በ1529 በሽምብራ ኩሬ የልብነ ድንግልን ሠራዊት ድል አደረገ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ጦሩ ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ እየገፋ ሄደ። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ በውስጣቸው የነበሩ መጻሕፍትም አብረው ጠፉ። ደብረ ሊባኖስ በሐምሌ 1531 ከኢማሙ ተከታዮች በአንዱ ተቃጠለ። መነኮሳቱ ቤዛ ከፍለው ገዳሙን ለማትረፍ ቢሞክሩም አልተሳካላቸውም።

ዕንባቆም በነዚህ ዓመታት ከቦታ ወደ ቦታ ተሰደደ። ከሌሎቹ መነኮሳት የሚለየው የአጥቂውን ወገን ቋንቋና ቅዱስ መጽሐፍ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቅ ስለነበር ነው። ስለዚህ ለኢማሙ በዐረብኛ ደብዳቤ ጻፈለት፤ አብያተ ክርስቲያናትን ማቃጠሉንና ሰው መግደሉን እንዲተው ለመነው። እንደ ትውፊቱ ኢማሙ የሚዋጉትን እንጂ መነኮሳትን እንደማይነካ መልሶለታል።

አንቀጸ አሚን

ከዚህ ግንኙነት የወጣው ሥራ «አንቀጸ አሚን» ማለትም «የእምነት በር» ይባላል። የግእዙ ጽሑፍ በ1540 እንደተጻፈ ይታመናል። መጽሐፉ ለኢማም አሕመድ የተጻፈ መልእክት ሆኖ ዕንባቆም እስልምናን ትቶ ክርስትናን የተቀበለበትን ምክንያት ያስረዳል።

የመጽሐፉ ልዩ ጠባይ የማስረጃው አመራረጥ ነው። ዕንባቆም ለሙስሊም አንባቢ የክርስቲያኖችን መጻሕፍት ብቻ እየጠቀሰ ቢከራከር ተቀባይነት እንደማያገኝ ያውቅ ነበር። ስለዚህ ቁርኣንን ራሱን እየጠቀሰ ስለ ክርስቶስና ስለ ማርያም የሚናገሩትን አንቀጾች የክርክሩ መነሻ አደረጋቸው። እንደ ማንኛውም የዚያ ዘመን የሃይማኖት ክርክር ጽሑፍ ለአንድ ወገን የቆመ ነው። ነገር ግን በግእዝ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ቁርኣንን አንብቦና አውቆ የሚጠቅስ እንዲህ ያለ ሥራ ማግኘት ብርቅ ነው። በኢማሙ ሠይፍና በንጉሡ ጦር መካከል የቆመ ስደተኛ መነኩሴ ሌላ መሣሪያ ያልነበረው መሆኑም ለጽሑፉ ሌላ ትርጕም ይሰጠዋል። ሆላንዳዊው ተመራማሪ ኤመሪ ቫን ዶንዘል ግእዙን ከፈረንሳይኛ ትርጕምና ከሰፊ ጥናት ጋር በ1969 በላይደን አሳትሞታል።

በገላውዴዎስና በሚናስ ዘመን

ልብነ ድንግል በ1540 ሲሞት ልጁ ገላውዴዎስ ነገሠ። ኢማም አሕመድ በ1543 በወይና ደጋ ጦርነት ተገደለ፤ ሀገሪቱም ቀስ በቀስ ወደ ሰላም ተመለሰች። በአባትየው ዘመን የተጋዘው ዕንባቆም በልጁ ዘመን የንጉሡ አማካሪ ሆነ።

የገላውዴዎስ ዘመን የጠፋውን መጽሐፍ የመተካትና በሃይማኖት ክርክር መልስ የመስጠት ዘመን ነበር። ከፖርቱጋል ጋር በመጡ ካቶሊኮችና በኢትዮጵያ ሊቃውንት መካከል የሃይማኖት ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ ንጉሡ ራሱም በ1555 የሃይማኖት መግለጫውን ጽፏል። መጻሕፍት በተቃጠሉበትና ክርክር በበዛበት በዚህ ጊዜ ከዐረብኛ በቀጥታ መተርጐም የሚችል ሊቅ ለቤተ መንግሥቱ ትልቅ ሀብት ነበር።

ገላውዴዎስ በ1559 በጦርነት ሲሞት ወንድሙ ሚናስ ነገሠና ዕንባቆምን ወደ ደብረ ሊባኖስ እጨጌነቱ መለሰው። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ወደ 90 ተጠግቶ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አረፈ፤ ያረፈበት ዓመት በ1560 እና በ1565 መካከል ይገመታል። መታሰቢያው ሚያዝያ 21 ቀን ነው።

የትርጕም ሥራዎቹ

ለዕንባቆም የሚሰጡት ዋና ዋና ትርጕሞች የሚከተሉት ናቸው፦

– ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ጳውሎስ የዕብራውያን መልእክት የጻፈው ትርጓሜ። ይህን የሠራው በልብነ ድንግል ዘመን ከግብፃዊ መነኩሴ ጋር ሆኖ ነው።

– «በረላምና ይዋስፍ»። ይህን በ1553 ለዐፄ ገላውዴዎስ ተረጐመው። ታሪኩ አንድ የህንድ ንጉሥ ልጅ የዓለምን ክብር ትቶ እንዴት እንደመነኰሰ ይተርካል። መነሻው የቡድሃ የሕይወት ታሪክ ነው፤ «ይዋስፍ» የሚለው ስም እንኳ «ቦዲሳትቫ» ከሚለው የህንድ ቃል በዐረብኛ በኩል እየተለወጠ የመጣ ነው። ከህንድ የተነሣው ታሪክ በፋርስና በዐረብ ሀገር አድርጎ ወደ ጆርጂያ፣ ወደ ግሪክና ወደ ላቲን ዓለም ሲሄድ በሌላው አቅጣጫ ደግሞ በዕንባቆም እጅ ወደ ግእዝ ገባ። የግእዙን ጽሑፍ ዋሊስ ባጅ በ1923 ከእንግሊዝኛ ትርጕም ጋር አሳትሞታል።

– «አቡሻክር»፣ የዘመን አቆጣጠርና የሥነ ፈለክ መጽሐፍ።

አቡሻክር

መጽሐፉ የተሰየመው በደራሲው ስም ነው። አቡ ሻኪር ኢብን አል ራሂብ በ13ኛው መቶ ዘመን የኖረ የቅብጥ ሊቅ ሲሆን በጥንቷ ካይሮ በምትገኘው አል ሙዓለቃ በምትባለው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ነበር። ከ1257 እስከ 1271 ገደማ ባለው ጊዜ አራት ትላልቅ ሥራዎችን ጽፏል። ከነዚህ አንዱ የቅብጥ ቋንቋ ሰዋስው ሲሆን ሁለቱ የነገረ መለኮት መጻሕፍት ናቸው። የመጀመሪያው በ1257 የተጻፈው «ኪታብ አል ተዋሪኽ» (የታሪኮች ወይም የዘመናት መጽሐፍ) ነው። ዕንባቆም ወደ ግእዝ የመለሰውም ይህንኑ ነው።

«ኪታብ አል ተዋሪኽ» 51 ምዕራፎች አሉት። የመጀመሪያዎቹ 47 ምዕራፎች የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት፣ የተለያዩ ሕዝቦችን የዘመን አቆጣጠርና የበዓላትን አወጣጥ የሚያስተምሩ ናቸው። የቀሩት አራት ምዕራፎች ስለ ዓለም ታሪክ፣ ስለ እስላማዊ ነገሥታት፣ ስለ እስክንድርያ ፓትርያርኮችና ስለ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤያት ይናገራሉ። በአውሮፓ ግን ለረጅም ጊዜ በስሙ ይታወቅ የነበረው ሌላ ሰው የጻፈው አጭር የታሪክ መጽሐፍ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን ወደ ላቲን የተመለሰው ያ መጽሐፍ የእሱ አለመሆኑ የተረጋገጠው በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። በኢትዮጵያ ግን ትክክለኛው ሥራ በግእዝ እየተገለበጠ በየገዳሙ ይማሩበት ነበር።

የባሕረ ሐሳብ ትምህርት ከአቡሻክር በፊትም በኢትዮጵያ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት የቀመሩን መሠረት ለ12ኛው የእስክንድርያ ፓትርያርክ ለቅዱስ ድሜጥሮስ (ከ189 እስከ 232 ገደማ) ይሰጣል። ዕንባቆም የሒሳቡ ፈጣሪ ወይም ወደ ኢትዮጵያ የመጀመሪያ አስገቢው አይደለም። የአቡሻክር ትርጕም የጨመረው ነገር ስፋትና ምክንያት ነው፤ በአጭር ቃል ይሸመደድ የነበረው የቁጥር ሕግ ከየት እንደመጣ፣ የግብፃውያን፣ የዕብራውያን፣ የግሪኮችና የዐረቦች አቆጣጠርም እንዴት እንደሚዛመድ በአንድ ቦታ ተብራርቶ ቀረበ።

የሒሳቡ አሠራር

የዘመን ቀመሩ መሠረት የፀሐይንና የጨረቃን ዓመት ማስታረቅ ነው። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ስለሆነ በየዓመቱ የ11 ቀን ልዩነት ይፈጠራል። ይህ ልዩነት «አበቅቴ» ይባላል። 19 የፀሐይ ዓመታት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር እኩል ሊባሉ በሚችል ደረጃ ስለሚቀራረቡ በየ19 ዓመቱ ጨረቃ ወደ ተነሣችበት ቀን ትመለሳለች። ይህ «ንኡስ ቀመር» ነው። ንኡስ ቀመር ከአራቱ ወንጌላውያን ዙር ጋር ሲባዛ 76 ዓመት (ማእከላዊ ቀመር)፣ ይህም ከሰባቱ ዕለታት ጋር ሲባዛ 532 ዓመት (ዐቢይ ቀመር) ይሆናል። 532 ዓመት ሲሞላ የበዓላቱ ቀኖች ከመጀመሪያው ጀምሮ ይደገማሉ።

ከቀን የሚያንሰው ጊዜ የሚከፈለው በ60 ነው። አንድ ቀን 60 ኬክሮስ ሲሆን አንድ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ነው። አንድ ኬክሮስ 60 ካልዒት ይሆናል፤ ከዚያ በታችም ሣልሲት፣ ራብዒት፣ ኃምሲትና ሳድሲት እያለ በ60 እየተከፈለ ይወርዳል። ሰዓትን በ60 ደቂቃ፣ ደቂቃንም በ60 ሴኮንድ የከፈለው አሠራርና ይህ አንድ ምንጭ አላቸው፤ ሁለቱም ከጥንታዊት ባቢሎን የመጡ ናቸው።

ሊቃውንቱ ማካፈልን የሚጠቀሙበት ድርሻውን ለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ዋናው የሚፈለገው ቀሪው ነው። ቁጥርን በ4፣ በ7፣ በ19 ወይም በ30 «መግደፍ» ማለት የሚሞላውን እያስወጡ የተረፈውን መያዝ ነው። ምንም ካልተረፈ «አልቦ» (የለም) ይባላል። የግእዝ አኃዝ ዜሮ የሚባል ምልክት ባይኖረውም «አልቦ» በዚህ ሒሳብ ውስጥ የዜሮን ሥራ ይሠራል።

ምሳሌ፦ የ2018 ዓ.ም. ፋሲካ

1. ዓመተ ዓለም፦ ለዓመተ ምሕረቱ 5500 ይጨመራል። 5500 + 2018 = 7518።

2. ወንጌላዊ፦ 7518 ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይቀራል። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ አልቦ ከሆነ ዮሐንስ ስለሆነ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የደረሰው 1879 «መጠነ ራብዒት» ይባላል።

3. ዕለተ ቀመር (መስከረም 1 የሚውልበት ዕለት)፦ 7518 + 1879 = 9397፤ በ7 ሲገደፍ 3 ይቀራል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እየተባለ ሲቆጠር ዕለቱ ሐሙስ ነው።

4. ወንበር፦ 7518 በ19 ሲገደፍ 13 ይቀራል። ከዚህ ላይ 1 ሲነሣ («አሐደ አእትት ለዘመን» እንደሚሉት) ወንበሩ 12 ይሆናል።

5. አበቅቴ፦ 12 × 11 = 132፤ በ30 ሲገደፍ 12።

6. መጥቅዕ፦ 12 × 19 = 228፤ በ30 ሲገደፍ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ስለሚሆኑ ሒሳቡ ትክክል መሆኑ እዚህ ላይ ይታወቃል። 12 + 18 = 30።

7. በዓለ መጥቅዕ፦ መጥቅዕ ከ14 ሲበልጥ በመስከረም፣ ከ14 ሲያንስ በጥቅምት ይውላል። ከወንበሮቹ መካከል መጥቅዑ 14 የሚሆን የለም። በዚህ ዓመት መስከረም 18 ነው። መስከረም 1 ሐሙስ ከሆነ 18ኛው ቀን እሑድ ነው።

8. መባጃ ሐመር፦ እያንዳንዱ ዕለት የራሱ ተውሳክ አለው፤ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። 18 + 7 = 25። በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ስለዋለና ድምሩም ከ30 ስላልበለጠ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን ይገባል።

9. ፋሲካ፦ የትንሣኤ ተውሳክ 9 ነው። 25 + 9 = 34፤ በ30 ሲገደፍ 4። ስለዚህ የ2018 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን (12 ኤፕሪል 2026) ይውላል።

የዕለቱ ተውሳክ የተመደበው ጾመ ነነዌ ሁልጊዜ ሰኞ እንዲገባ ነው። አራት የ30 ቀን ወራት 120 ቀን ይሆናሉ። 120 በ7 ሲገደፍ 1 ይቀራል፤ የየዕለቱ ተውሳክ የቀረውን አሟልቶ ሰኞ ላይ ያደርሰዋል። ሒሳቡ ቀላል የሆነበት ሌላው ምክንያት 12ቱ ወራት ሁሉ 30 ቀን መሆናቸው ነው። አምስት ወይም ስድስት የምትሆነው ጳጉሜን በዓመቱ መጨረሻ ስለምትውል በመስከረምና በፋሲካ መካከል ያለውን ቁጥር አትነካም። በዚህ ምክንያት አንድ የአብነት ተማሪ ወረቀት ሳይይዝ በጣቱ አንጓ ብቻ እየቆጠረ የማንኛውንም ዓመት በዓል ማውጣት ይችላል።

በአውሮፓ የ1582ቱ የጎርጎርዮስ ማሻሻያ የቀመሩን አሠራር የለወጠው ዕንባቆም ካረፈ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ የፋሲካን ቀን በቀሪ ስሌት የሚያወጣበትን ቀመር በ1800 አሳተመ፤ በዓመቱም የቀሪ ስሌትን በዘመናዊ ሒሳብ መልክ የመሠረተ መጽሐፉን አወጣ። ዛሬ ኮምፒውተር ይህን ስሌት የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው። የባሕረ ሐሳብ ቅደም ተከተል ወደ ኮምፒውተር ፕሮግራም ሲለወጥ ከአሥር መስመር ብዙም አያልፍም።

በኋለኛው ዘመን

አቡሻክር በእጅ ጽሑፍ እየተገለበጠ በኢትዮጵያ ገዳማትና አድባራት ተስፋፍቷል። በአብነት ትምህርት ሥርዓት የባሕረ ሐሳብና የአቡሻክር ትምህርት ከመጻሕፍት ትርጓሜ ጋር የተያያዘ ሲሆን ይህን የሚያውቅ መምህር ልዩ ክብር አለው። በየዓመቱ የመስከረም መባቻ በዓላትንና አጽዋማትን ለሕዝብ የማወጅ ልማድም በዚሁ እውቀት ላይ የቆመ ነው።

በዘመናዊ ጥናት ረገድ የጥንት ሥነ ፈለክ ታሪክ ተመራማሪው ኦቶ ኖይገባወር በ1979 ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና ባሕረ ሐሳብ፣ በ1988 ደግሞ ስለ አቡሻክር ለብቻው መጻሕፍት አሳትመዋል። አቡ ሻኪር በጻፈው የሒሳብ ክፍል ላይ ጥናታቸውን ያካሄዱት የግእዙን ጽሑፍ ይዘው ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በበኩላቸው «ባሕረ ሐሳብ» የተባለውን መጽሐፍ በ1993 ዓ.ም. በአማርኛ አሳትመው ትምህርቱን የአብነት ትምህርት ቤት ላልገባ አንባቢ አቅርበዋል።

የዕንባቆም ስም ከገዳማትና ከተመራማሪዎች ውጭ እምብዛም አይነሣም። ሥራው ግን በየቤቱ አለ። አዲስ ዓመት ሲቃረብ ከመርካቶ ተገዝቶ ግድግዳ ላይ በሚሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ወንጌላዊው፣ አበቅቴውና መጥቅዑ፣ ነነዌና ፋሲካም ታትመው ይወጣሉ። ቁጥሮቹን ያወጣው መምህር የተማረበት ትምህርት ከካይሮው ዲያቆን ተነሥቶ የተወለደበትን ሀገርና ሃይማኖት ትቶ በመጣው፣ ሞት ተፈርዶበት በተረፈውና ገዳሙ በተቃጠለበት መነኩሴ እጅ ያለፈ ነው።